የሞላ ማስነሻና የጣቶቻችን ጉዳይ
(ከሣር ማጨጃ የተወሰደ የቤንዚን ሞተር ለሞዴል አውሮፕላን ሲዘጋጅ)



ባለፈው ዓመት ማብቂያ ላይ አንድ የምህንድስና ተማሪ ጓደኛችን የቀኝ እጁን ሁለት ጣቶች በጨርቅ ጠቅልሎ፥ ጨርቁም ደም ጠጥቶ፥ ከማደሪያ ክፍሌ በር ላይ ቆመ። የሕክምና ተማሪ ስለ ሆንኩ ወደ እኔ መጣ እንጂ በቀጥታ መሄድ የነበረበት ወደ ድንገተኛ ክፍል ነበር። ጣቶቹን የመታው 45 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለውና ከአንድ የሣር ማጨጃ ሞተር ጋር የታሰረ የእንጨት ውልብልቢት (ፕሮፔለር) ነው። ሞተሩን በጣቱ እየገፋ ለማስነሣት ሲሞክር ሞተሩ ወደ ኋላ ረገጠው። የመካከለኛው ጣት ጫፍ አጥንት ተሰብሮ፥ የጠቋሚው ቆዳ እስከ አጥንቱ ተገልጦ ነበር። ጅማቶቹ ተርፈዋል። ዛሬ ብዕር ይይዛል፤ ሸሚዙን ለመቆለፍ ግን አሁንም በግራ እጁ ይረዳል።

ይህን ጽሑፍ ለማቅረብ ያነሣሣኝ ይኸው ነው። አንዳንድ ጓደኞች «ለትምህርት የተላከ ሰው በመጫወቻ አውሮፕላን ምን ይሠራል?» ማለታቸውን ሰምቻለሁ። ብረት የሚነካውን ሰው «ቀጥቃጭ» እያለ ከገበታው ሲያርቅ በኖረ ኅብረተሰብ ውስጥ ያደግን ሰዎች፥ ሞተር ፈትቶ መግጠምን ጨዋታ ነው ብለን ለመናቅ ብንቸኩል አይገርመኝም። እኔ ግን የመካኒክስን ትምህርት ከመጽሐፍ ይልቅ ከዚያች ማጨጃ ሞተር ተማርኩ ብል ማጋነን አይደለም። በአገራችንም አስመላሽ ዘፈሩ እ.ኤ.አ. በ2015 ለሙከራ ያወጣት ኬ-570ኤ የተባለች አነስተኛ አውሮፕላን ሞተሯ ከፎልክስዋገን መኪና የተወሰደ ነበር። ለሌላ ሥራ የተሠራን ሞተር ለበረራ ማዘጋጀት እንግዲህ ለእኛ ባዕድ ነገር አይደለም። ጥያቄው እጅን ሳያስበሉ እንዴት ይሠራል የሚለው ነው።

ሪያድን ለማታውቁ፥ ባጥሐ በዱሮዋ ከተማ ምሥራቅ በኩል ያልፍ የነበረ የጎርፍ መውረጃ ሸለቆ ስም ነው። ዛሬ ሸለቆው ከአስፋልትና ከገበያ ሥር ሆኗል፤ ከታኅሣሥ 2024 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ደግሞ ሰማያዊው የሜትሮ መስመር በዚያ ያልፋል። ዐርብ ከሰዓት በኋላ የባንግላዴሽ፥ የሕንድ፥ የየመን፥ የሱዳንና የእኛው አገር ሠራተኞች ይገናኙበታል፤ ሰው ከሰው ይጠያየቅበታል፥ ገንዘብ ይላክበታል፥ ያገለገለ ዕቃ ይሸጥበታል። እኛም ሞተራችንን ያገኘነው ከዚያ ነው። የከተማይቱን የመንገድ ዳር ሣር የሚያጭዱ ሠራተኞች በትከሻቸው የሚያንጠለጥሉት ማሽን ዘንጉ ሲጣመም ወይም ምላጩ ሲሰበር ይጣላል፤ ሞተሩ ግን ብዙ ጊዜ ደኅና ነው። የኛው 25 ሲ.ሲ. ሲሆን በሁለት ምት የሚሠራ፥ ዘይት ከቤንዚን ጋር ተደባልቆ የሚጠጣ ነው። የብረት ቀረጻ ሥራ የሚፈልግ ግን ባጥሐን ትቶ ወደ ሰናዒያ፥ ማለት ወደ ጋራዦቹ ሠፈር መሄድና «መኽረጣ» ብሎ መጠየቅ አለበት፤ ቶርኖ ቤት ማለታቸው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ይህ ሞተር በማጨጃው ላይ ሳለ የሚነሣው በገመድ ነበር። ሠራተኛው ገመዱን ሲስበው ኮሎው በአንድ ጊዜ ብዙ ፈጣን ዙር ይዞራል። እኛ ለአውሮፕላን ስናዘጋጀው ክብደት ለመቀነስ ብለን የገመዱን ማስነሻ፥ ፍሪሲዮኑን፥ የማራገቢያውን ሽፋን እናወልቃለን፤ ቮላኖውንም በቶርኖ እናሳሳለን። እንግዲህ ሞተሩን ማን ያስነሣው? «በጣት ነዋ!» የሚለው ሰው ሁለት ነገር ዘንግቷል።

አንደኛው የእሳቱ ምንጭ ነው። የማጨጃ ሞተር ባትሪ የለውም። በቮላኖው ጠርዝ የተቀበረው ማግኔት በጥቅልሉ ፊት ሲያልፍ ኤሌክትሪክ ይፈጠርና በካንዴላው ጫፍ ብልጭ ይላል። ማግኔቱ ቀስ ብሎ ካለፈ ብልጭታው ደካማ ነው፥ ወይም ጭራሹን የለም። ሁለተኛው ብልጭታው የሚመጣበት ሰዓት ነው። በእንደዚህ ያሉ ሞተሮች እሳቱ የሚመጣው ፒስተኑ ጫፍ ከመድረሱ 25 ወይም 30 ዲግሪ ያህል አስቀድሞ ነው። ሞተሩ በፍጥነት ሲዞር ይህ ትክክል ነው፤ ጋዙ ተቃጥሎ እስኪጨርስ ፒስተኑ ጫፉን አልፎ ይገኛልና። በጣት ቀስ ብሎ ሲገፋ ግን ጋዙ ፒስተኑ ገና ወደ ላይ በመውጣት ላይ ሳለ ይቀጣጠልና መልሶ ወደ ታች ይገፋዋል። ውልብልቢቱ ወደ መጣበት፥ ማለትም ወደ ጣታችን ይመለሳል። ጓደኛችን ላይ የደረሰው ይኸው ነው። ስለዚህ በጣት ማስነሣት ለዚህ ዐይነቱ ሞተር አደገኛ ብቻ ሳይሆን ተገቢም አይደለም፤ ብልጭታ ለማግኘትም፥ ርግጫን ለማለፍም የሚያስፈልገው ያው ፍጥነት ነው።

«ሲነሣ እጄን ቶሎ እሰበስባለሁ» የሚልም አለ። ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። ሞተሩ በዝግታ ሲዞር እንኳ በደቂቃ 1,800 ዙር ቢሆን በሰከንድ 30 ዙር ነው። ውልብልቢቱ ሁለት ክንፍ ስላለው በአንድ ቦታ ላይ በሰከንድ 60 ጊዜ ክንፍ ያልፋል። የሰው ዐይን አይቶ፥ አእምሮ አዝዞ፥ ጡንቻ እስኪታዘዝ ከሰከንድ አንድ አምስተኛ ያህል ይወስዳል። በዚህች ጊዜ 12 ክንፎች አልፈዋል። ፊዚዮሎጂ በዚህ ረገድ ለጀግናም ለፈሪም አያዳላም። የ45 ሴንቲ ሜትሩ ውልብልቢት ጫፍ በዚያ በዝግታው እንኳ በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ በደቂቃ 7,000 ዙር ሲደርስ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ይጠጋል።

መፍትሔው ሞላ ነው፤ ሐሳቡም አዲስ አይደለም። በካሊፎርኒያ የኮክስ ኩባንያ ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለልጆች በሸጣቸው 0.8 ሲ.ሲ. ያህል በሆኑ ጥቃቅን ሞተሮች ላይ ከውልብልቢቱ ኋላ ትንሽ ሞላ ነበረች። ልጁ ውልብልቢቱን ወደ ኋላ ጠምዞ ሲለቀው ሞላዋ ወደ ፊት ታስፈነጥረዋለች። ሞተሩ ሲነሣ እጅ ከክቡ ውጭ ነው። የእኛም ሥራ ይኸው ነው፤ ልዩነቱ 25 ሲ.ሲ. የሚገፋ ሞላ የሚይዘው ኀይል ብዙ ስለ ሆነ ስሕተቱም በዚያው መጠን መክበዱ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ጥምዝ ሞላው በውልብልቢቱ ዘንግ ዙሪያ ይቀመጣል። የኋላ ጫፉ በሞተሩ አካል ላይ በሁለት ብሎን ይታሰራል፤ የፊት ጫፉ አንዲት የብረት ቀለበት ይይዛል። ቀለበቷ ውስጥ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚዞር ኩሽኔታ አለ። ውልብልቢቱን ወደ ኋላ ስናዞር ኩሽኔታው ይነክስና ሞላው ይጠመዘዛል፤ ስንለቅ በዚያው ንክሻ ወደ ፊት ይገፋል፤ ሞተሩ ተነሥቶ ሲቀድመው ኩሽኔታው ይለቅና ሞላው ያርፋል። በኩሽኔታው ፈንታ መንጠቆና ጥርስ የሚጠቀሙም አሉ፤ መንጠቆው ግን ሞተሩ በሚዞርበት ጊዜ ሁሉ ጥርሱን እየነካ ያልቃል፥ እኔ አልወደውም። ኩሽኔታው የሚቀመጥበት ዘንግ እሳት የጠጣ ጠንካራ ብረት መሆን አለበት። በአሉሚኒየም ላይ ከተቀመጠ ጥቃቅን ዘንጎቹ ይቆፍሩትና ይንሸራተታል።

ሞላውን እንዴት እንመርጣለን? የሞላ ጥንካሬ ከሽቦው ውፍረት ጋር የሚያድገው በአራተኛ ኀይል ነው። ሽቦውን ከ3 ወደ 3 ተኩል ሚሊ ሜትር ብታወፍሩት ጥንካሬው ወደ እጥፍ ይጠጋል ማለት ነው። ስለዚህ «ትንሽ ወፈር ይበል» ብሎ መግዛት አይሆንም። በሒሳብ ተመርተን የደረስንበት የሚከተለው ነው፤ የሽቦው ውፍረት 3 ሚሊ ሜትር፥ የጥምዙ አማካይ ስፋት 40 ሚሊ ሜትር፥ የዙሩ ብዛት 10። ይህ ሞላ ሦስት አራተኛ ዙር ሲጠመዘዝ 2.9 ኒውተን ሜትር ያህል ይገፋል። ለመፈተሽ መሣሪያ አያስፈልግም፤ 30 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ባለው ዘንግ ጫፍ አንድ ኪሎ ስኳር ብታንጠለጥሉ ያው ነው። የሚያጠራቅመው ጉልበት 7 ጁል ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ነው፤ ይኸውም ያው አንድ ኪሎ ስኳር ከ70 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ሲወድቅ ያለው ጉልበት ነው። የእኛን ሞተር እመቃ አሳልፎ ጥሩ ብልጭታ ለማስገኘት ይበቃል። በብረቱ ላይ የሚያርፈው ጫና 1,100 ሜጋ ፓስካል ገደማ ስለሆነ ጥራት ያለው የሞላ ሽቦ ያለ ችግር ይችለዋል። በስድስት ዙር ብቻ የተሠራ አጭር ሞላ ግን በዚያው መጠምዘዝ 1,800 ይደርስና ወዲያው ቅርጹን ያጣል ወይም ይሰበራል። ጠንካራ ሞተር አጭር ሞላ ይፈልጋል የሚል አመለካከት በገበያው ውስጥ ስላለ ይህን አጥብቄ አነሣለሁ።

ሌላው ብዙ ሰው የሚስተው የጥምዙ አቅጣጫ ነው። ሞላ ሲጠመዘዝ መጥበብ አለበት እንጂ መከፈት የለበትም። ከፊት ሲታይ ውልብልቢቱ ከሰዓት አቅጣጫ በተቃራኒ ለሚዞር ሞተር (አብዛኛው የአውሮፕላን ሞዴል እንዲህ ነው) ወደ ግራ የተጠመዘዘ ሞላ ያስፈልጋል። የማጨጃውን ገመድ ከማውለቃችሁ በፊት ሞተሩ በየት በኩል እንደሚዞር አይታችሁ በአካሉ ላይ ቀስት ሥሩበት፤ እኛ ሳናደርግ ቀርተን ግማሽ ቀን ባክኖብናል። ሞላው ሲጠብ ስፋቱ ይቀንሳል፤ የእኛው በሦስት አራተኛ ዙር ወደ 3 ሚሊ ሜትር ይጠብባል። ስለዚህ ውስጡ ያለው ቱቦ ከ33 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም። በርዝመትም 2 ሚሊ ሜትር ከሩብ ያህል ስለሚጨምር ቦታ ይተውለት። ይህ ቱቦ ሌላም ጥቅም አለው። ሞተሩ ክፉ ርግጫ ቢረግጥ፥ ያ ርግጫ አሁን ጣት በመስበር ፈንታ ሞላውን ይበልጥ ይጠመዝዘዋል፤ ከአንድ ዙር ትንሽ እንዳለፈ ግን ሞላው በቱቦው ላይ ተጣብቆ ይቆማል፥ አይሰበርም። ቱቦውን «ለክብደት» ብላችሁ አትቀንሱት።

የመጀመሪያ ሞላችን ተሰብሯል። ምክንያቱን አልደብቅም፤ ጫፉን ለማጠፍ በጋዝ እሳት አግለነው ነበር። የሞላ ሽቦ ጥንካሬውን ያገኘው በፋብሪካ ነው፤ ስታግሉት ከአጠፋችሁበት ቦታ ላይ ያጣዋል። በሦስተኛው ሙከራ ጫፉ ተቆርጦ ግድግዳ ላይ ተሰካ። ከዚያ ወዲህ በብርዱ፥ በሰፊ ኩርባ ነው የምናጥፈው፤ ሞላ ያለበት ሥራ ላይም መነጽር ሳናደርግ አንቀርብም።

በባጥሐ ጀኔሬተርና ውኃ መሳቢያ የሚጠግን አንድ ጎንደሬ ሽማግሌ አሉ። ሞተሩን ይዘን ሄደን፥ «ጋሼ፥ ጠንከር ያለ ሞላ ቢገባለት ይነሣ ይሆን?» ብንላቸው ገና ሳይነኩት፥ «ልጆቼ፥ ሞላ የሰነፍ ሞተር መድኃኒት አይደለም፤ መጀመሪያ እሳቱን አሳዩኝ» አሉን። ካንዴላውን ፈትተው፥ አካሉን በሞተሩ ብረት ላይ አስደግፈው አዞሩት፤ ብልጭታው ቀይና ስስ ነበር። በማግኔቱና በጥቅልሉ መካከል ያለው ክፍተት ከሚገባው በላይ ሰፍቶ ተገኘ። ከኪሳቸው የአንድ ነጋዴ የስም ካርድ አውጥተው በመካከሉ ጣልቃ አስገቡና ጥቅልሉን ገፍተው ብሎኑን አጠበቁ። የካርዱ ውፍረት ከሚፈለገው የ0.3 ሚሊ ሜትር ክፍተት ጋር ይቀራረባል። ብልጭታው ሰማያዊ ሆነ። «ሻይ ጠጡና ሂዱ» አሉን፤ ገንዘብ አልተቀበሉም።

ሲገጠም ፍተሻው በቅደም ተከተል ይሁን። መጀመሪያ ካንዴላው ተፈትቶ፥ ቤንዚን ሳይኖር ሞላው ተጠምዞ ይለቀቅ፤ ውልብልቢቱ ያለ እመቃ ነጻ ሆኖ ሲፈናጠር ብሎኖቹ ሁሉ ይታዩ። ቀጥሎ ካንዴላው ገብቶ ግን ሽቦው ተነቅሎ ይሞከር፤ እመቃውን አልፎ ካልዞረ ሞላው ደካማ ነው። የማጥፊያው ማብሪያ እሳቱን በእርግጥ እንደሚቆርጥ ሳታረጋግጡ ቤንዚን አታስገቡ። በመጨረሻ ሞተሩ በጠንካራ ጠረጴዛ ላይ በብሎን ታስሮ ይነሣል። ውልብልቢቱን ወደ ኋላ የምናዞረው በባዶ ጣት ሳይሆን ጎማ በለበሰ ዱላ ነው፤ ሞላ ገባለት ማለት ሞተሩ ከመጠምዘዙ በፊት አይነሣም ማለት አይደለምና። የቆመ ሰው ሁሉ ከውልብልቢቱ ኋላ ይሁን እንጂ ከጎኑ አይቁም፤ ክንፍ ከተሰበረ የሚበረው ወደ ጎን ነው። የተሰነጠቀ ውልብልቢት በሙጫ አይጠገንም፤ ይጣላል። ሞተሩ ጠፍቶም ቢሆን የካንዴላው ሽቦ ሳይነቀል ውልብልቢቱን ማንም አይንካ።

የእኛ ሞተር እስካሁን የሠራው በጠረጴዛ ላይ ብቻ ነው። እዚህ አገር ያለ አቪዬሽን ባለሥልጣኑ ፈቃድ ማብረር ክልክል ነው፤ እኛም እንግዶች ስለሆንን ፈቃዱ ሳይገኝ ክንፉን አንገጥምም። በዚህ ላይ ከአባሎቻችን አንዳንዶቹ ይቸኩላሉ፥ እኔ አልስማማም።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ጣት ቢመታስ? የጣት ጉዳት ከውጭ ከሚታየው የከፋ ሊሆን ይችላል። በመዳፍ በኩል ሁለት የማጠፊያ ጅማቶች በአንዲት ጠባብ ሰገባ ውስጥ ያልፋሉ፤ በግራና በቀኝ ደግሞ ስሜት የሚሰጡት ነርቮች አሉ። ስለዚህ ደሙ ከቆመ በኋላ የጣቱን መካከለኛ መጋጠሚያ ያዙና ጫፉን ብቻ እንዲያጥፍ ጠይቁት፤ ካልታጠፈ ጥልቁ ጅማት ተቆርጧል። የጣቱን ጫፍ በሁለቱም ጎን ዳስሱለት፤ ባንዱ ጎን የማይሰማው ከሆነ ነርቩ ተነክቷል። ሁለቱም የቀዶ ሕክምና ጉዳይ ነው፤ ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም በማደሪያ ክፍል ታስሮ አይታለፍም።

ደሙን ለማቆም ንጹሕ ጨርቅ አድርጋችሁ ዐሥር ደቂቃ ያህል ሳታቋርጡ ጫኑት፤ እጁንም ከልብ በላይ ከፍ አድርጉት። ጣቱን በገመድ አትሰሩ። ቀለበት ካለ እብጠቱ ሳይመጣ ይውለቅ። በአገር ቤት የለመድነውን ቡና መነስነስ ተዉት፤ ሐኪሙ ጅማቱን ከመፈለጉ በፊት ቡናውን ሲለቅም ይውላል። ጣት ተቆርጦ ከወደቀ፥ በጨው ውኃ በረጠበ ንጹሕ ፋሻ ጠቅልላችሁ በላስቲክ ከረጢት ክተቱት፤ ከረጢቱንም ውኃና በረዶ በተደባለቀበት ዕቃ ውስጥ አስቀምጡት። በረዶው ሥጋውን በቀጥታ እንዳይነካው፤ ያቃጥለዋል። በዚህ መንገድ የቀዘቀዘ ጣት እስከ 24 ሰዓት ሊቆይ ይችላል፤ ካልቀዘቀዘ ግን ከ12 ሰዓት በላይ ተስፋ አይጣልበትም። የቴታነስ ክትባት የወሰደበትን ዓመት የማያስታውስ ሰው ለሐኪሙ ይንገር። ሪያድ ውስጥ የቀይ ጨረቃ አምቡላንስ ቁጥር 997 ነው፤ የሞተሩ ጠረጴዛ ላይ በወፍራም ቀለም ጽፈነዋል።

የሞላውን፥ የቀለበቷንና የቱቦውን ንድፍ በልኩ የሠራው ያው እጁን የተመታው ጓደኛችን ነው። መስመሮቹ አንዳንድ ቦታ ይወላገዳሉ፤ ቁጥሮቹ ግን ትክክል ናቸው። የሚፈልግ ከማኅበሩ ቤተ መጻሕፍት ወስዶ መገልበጥ ይችላል።